«ቴኳንዶ ዳንስ ነው» ላሉት ጸሐፊ፦ ከሀዋሳ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ የላከልኝ እኛ ጋ የሚሰለጥን የ17 ዓመት ልጅ ነው። ከሥሩ «ሳቦም (አሰልጣኝ ማለት ነው)፣ እንዲህ ከሆነ እኛ ምን እየሠራን ነው?» ብሎ ጽፎበታል። ይህ ልጅ ከአላሙራ በኩል በእግሩ እየመጣ ነው የሚሰለጥነው። ዝናብ አያስቀረውም። ስለዚህ ጥያቄውን በአንድ መስመር መልሼ ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፉ ርዕስ «የትኛው ማርሻል አርት ይበልጣል?» የሚል ነው። ጸሐፊው ስምንት ስታይሎችን በደረጃ ደርድረዋል። የብራዚል ጁጂትሱ፣ ማለትም መሬት ላይ የሚደረገው ትግል፣ አንደኛ፤ ቴኳንዶ ስምንተኛ። ማስረጃቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር የተካሄደው ውድድር ነው። ቀጥለው ቴኳንዶን «ዳንስ» ይሉታል። ለጎዳና የሚሆን ጥበብ ገዳይ ስለሆነ በስፓሪንግ (ከጓደኛ ጋር በሚደረግ የልምምድ ፍልሚያ) አይለካም ይላሉ። ስፓሪንግ ከተደረገ ደግሞ ደም ያልታየበት ስፓሪንግ ጨዋታ ነው ይላሉ። ፓተርን (ለብቻ የሚሠራ፣ ቅደም ተከተሉ የተወሰነ እንቅስቃሴ) ጊዜ ማባከን ነው፤ ሴት ልጅ ሦስት ወር ከተማረች የትኛውንም ወንድ ትጥላለች፤ እንደ ሀዋሳ ባለ ከተማ ዕቃ ስለሌለ ደህና ስልጠና አይታሰብም። የጽሑፉ ሐሳብ ይኸው ነው።

በቅንነት የተጻፈ ይመስለኛል። ጸሐፊው ስፖርቱን እንደሚወዱት ያስታውቃል። አንዳንድ ነጥባቸው ላይ እስማማለሁ። መሠረቱ ላይ ግን አልስማማም። እኔ ቴኳንዶ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ቦክስ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ጁዶ ላይ ገና ጀማሪ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ሰውን የሚያጠነክረው የስታይሉ ስም ሳይሆን እምቢ ከሚለው ሰው ጋር ያሳለፈው ሰዓት ነው። የሚገፋህ፣ የሚያመልጥህ፣ ያሰብከውን የሚያበላሽብህ ሰው ያስፈልግሃል። እሱ ከሌለ የትኛውም ስታይል አየር መምታት ነው።

ከ1993ቱ እንጀምር። ጸሐፊው «ክርክሩ ያኔ ተዘግቷል» ብለዋል። ታሪኩ እውነት ነው። ኖቬምበር 12 ቀን 1993 አሜሪካ ውስጥ፣ ዴንቨር ከተማ የመጀመሪያው ዩኤፍሲ፣ የተለያዩ ስታይሎች የሚጋጠሙበት ውድድር፣ ተካሄደ። የክብደት ምድብ የሚባል ነገር አልነበረም። ሮይስ ግሬሲ የተባለ 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብራዚላዊ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው አሸነፈ። የመጀመሪያው ተጋጣሚው አርት ጂመርሰን ቦክሰኛ ነበር። አንድ እጁ ላይ ብቻ ጓንት አጥልቆ ገባ። ግሬሲ ጥሎት ደረቱ ላይ ሲወጣበት የሚያደርገው ጠፋው። ምንጣፉን መታ መታ አድርጎ እጅ ሰጠ።

ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሌሎቹ ተማሩ። ታጋዮቹ መሬት ላይ እንዳይታነቁ ተማሩ። ቦክሰኞቹና ኪክቦክሰኞቹ እግራቸው ሲያዝ ማምለጥን፣ ከወደቁም ቶሎ መነሣትን ተማሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ የመሬቱን ትግል ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ይሸነፍ ጀመር። ዛሬ በዚያ መድረክ ላይ አንድ ስታይል ብቻ ይዞ የሚገባ አይገኝም። ሁሉም ሁሉንም ይሰለጥናል።

ሌላም አለ። የብራዚል ጁጂትሱ ሥሩ ጁዶ ነው። ሚትሱዮ ማኤዳ የተባለ የኮዶካን (የቶኪዮው ዋና የጁዶ ትምህርት ቤት) ሰው እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ። የግሬሲ ቤተሰብ ጥበቡን ያገኘው በእሱ በኩል ነው። በ1951 ደግሞ ማሳሂኮ ኪሙራ የተባለ የጃፓን ጁዶ ሰው ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ሄሊዮ ግሬሲን ክንዱን ጠምዝዞ አሸነፈው። ሄሊዮ ማለት የሮይስ አባት ነው። ታዲያ በጸሐፊው ሠንጠረዥ ጁዶ ለምን አምስተኛ ሆነ? ሁለቱም ጠንካራ የሆኑበት ምክንያት አንድ ነው። ኪሙራም ግሬሲዎቹም ከሚታገላቸው ሰው ጋር በየቀኑ፣ በሙሉ ጉልበት ይሠሩ ነበር።

ደግሞ የእኛን መንገድ አስቡት። ሰው ይዘህ ኮብልስቶን ላይ ብትንከባለል ክርንህና ጉልበትህ ይላጣል። አብረውት የመጡት ሁለት ጓደኞቹ ደግሞ ቆመው አያዩህም። ለጎዳና ከሆነ ከመሬት ትግል ውስጥ በመጀመሪያ መማር ያለብህ መነሣትን ነው።

አሁን ወደ «ዳንስ» ልምጣ። እዚህ ላይ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የእኔም ቁስል አለበት።

አንደኛ ዳን (የመጀመሪያውን የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ባገኘሁ በአምስተኛው ወር ከአንድ ቦክሰኛ ጓደኛዬ ጋር ጓንት አጠለቅኩ። ከእኔ በስድስት ኪሎ ያንሳል። ባዶ አዳራሽ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ከእኛ ሌላ ሰዓት የሚይዝልን አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ቀኝ እግሬን አነሣሁ። ጉልበቴ ገና ሳይዘረጋ የግራ ቡጢው አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ተከተለኝ። ደገመኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እጆቼ የት እንደነበሩ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ወገቤ ጋ ነበሩ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ፊቴ አልወጡም። ልጁ «አበቃ» ሲል ግድግዳው ላይ ተደግፌ ነበር።

ያን ዕለት ማታ እንደ ጸሐፊው አሰብኩ። ዓመታቴ የባከኑ መሰለኝ። ትንሽ ስረጋጋ ግን ጥያቄው ሌላ ሆነብኝ። እጄ ለምን አልወጣም?

እኔ የሠራሁበት የወርልድ ቴኳንዶ፣ ማለትም የኦሎምፒኩ ቴኳንዶ፣ ሕግ ፊት ላይ ቡጢ ይከለክላል። ቡጢ ደረት ላይ ብቻ ነው፣ የሚያስገኘውም 1 ነጥብ ነው። አካል ላይ ያረፈ ኪክ 2፣ ራስ ላይ ያረፈ 3 ያስገኛል። ዞረህ ከመታህ ደግሞ ይጨምራል። ከ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ጀምሮ አካል ላይ ያረፈውን ኪክ የሚቆጥረው በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ የደረት መከላከያ ነው። እንግዲህ ፊቱ ላይ ቡጢ መጥቶበት የማያውቅ ሰው እጁን ለምን ያነሣል? የሠራሁት በአይቲኤፍ፣ በሌላው የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ ሕግ ቢሆን ኖሮ ፊት ላይ በእጅ መምታት ስለሚፈቀድ እጄ ሌላ ቦታ ይኖር ነበር። ሁለቱም ቴኳንዶ ናቸው። ሁለቱም ከኮሪያ የመጡ ናቸው። እጁን የወሰነው ሕጉ ነው።

ይህ የቴኳንዶ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጁዶ ውስጥ በእጅ እግር ይዞ መጣል እ.ኤ.አ. በ2010 ተገደበ፣ በ2013 ጭራሽ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የሚሰለጥን ልጅ እግሩን ከመያዝ የመከላከል ልማድ አይኖረውም። ቦክሰኛም ቢሆን እግሩ ላይ ካልቾ ቢገባበት መላ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1976 ቶኪዮ ላይ ሙሐመድ ዓሊ ከጃፓናዊው ታጋይ አንቶኒዮ ኢኖኪ ጋር ተጋጥሞ ነበር። ኢኖኪ አብዛኛውን 15 ዙር በጀርባው ተኝቶ የዓሊን እግር ሲራገጥ ዋለ። ውጤቱ አቻ ተባለ። ዓሊ ግን እግሩ አባብጦ ነው የወጣው። ቦክስ ዳንስ ነው የሚል ሰው ከዚህ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

እያንዳንዱ ስታይል ሕጉ የተወለት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳህን ማወቅና መድፈን ነው እንጂ ቤቱን ማፍረስ ምን ይሉታል? እኔ ቴኳንዶን አልተውኩም። በሳምንት አንድ ቀን እጅ ብቻ የሚሠራበት ቀን ጨመርኩ። ከዓመት በኋላ ከዚያው ጓደኛዬ ጋር ስንገናኝ የጎን ኪኬ ሆዱ ላይ እያረፈ እንዳይጠጋኝ አደረገው። ያው ኪክ ነው። በፊትም ነበረኝ። የጎደለው ለኪኩ ጊዜ የሚገዛልኝ እጅ ነበር። በነገራችን ላይ በቶኪዮው ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ በቴኳንዶ ተወክላለች። እዚያ ለመድረስ ከስንት ጠንካራ ሰው ጋር መጋጠም እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው «ዳንስ» ለማለት አይቸኩልም።

«እውነተኛው ጥበብ ገዳይ ስለሆነ በስፓሪንግ አይለካም።» ይህ አባባል በየአዳራሹ ይሰማል። ዓይን መውጋት፣ ጉሮሮ መምታት፣ ብልት መርገጥ እንደልብ ሊለማመዱት አይቻልም፤ ስለዚህ ስፓሪንግ የስፖርተኞች ነው፣ እኛ ግን ለሞት ሽረት ነው የምንሰለጥነው ይባላል።

ለዚህ መልስ የሰጠው ጂጎሮ ካኖ ነው። መልሱን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ካኖ ያኔ ገና የ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በሚባል ቤተ መቅደስ 12 ምንጣፍ በምታህል ክፍል ኮዶካንን ከፈተ። ሲጀምር ተማሪዎቹ ዘጠኝ ነበሩ። የእኛን አዳራሽ ያየ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ልቡ ይሞቃል። ካኖ የድሮዎቹን የጁጂትሱ ትምህርት ቤቶች ጥበብ ተምሮ አይቶታል። ብዙ አደገኛ ነገር አለባቸው። አደገኛ ስለሆነም ጓደኛህ ላይ በቀስታ፣ በስምምነት ብቻ ነው የምትሠራው። ካኖ ቡጢውንና አጥንት ሰባሪውን ከነፃ ልምምዱ አወጣ፤ ለካታ፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ ለተወሰነው ልምምድ፣ አስቀመጠው። የቀረውን፣ ማለትም መጣሉን፣ ማነቁንና መያዙን ተማሪዎቹ በሙሉ ጉልበት እንዲሠሩት አደረገ። ይህን ልምምድ ራንዶሪ ይሉታል። በዚያው በ1880ዎቹ የኮዶካን ልጆች ከድሮዎቹ ትምህርት ቤቶች ሰዎች ጋር በቶኪዮ ፖሊስ መድረክ ሲገናኙ ስም ያተረፉት የካኖ ልጆች ናቸው። «ገዳዩን» ጥበብ የያዙት አልነበሩም።

ለምን? ነገሩ ቀላል ነው። በየቀኑ እምቢ የሚልን ሰው የጣለ፣ እምቢ የሚል ሰው ክብደቱ ወዴት እንደሚሄድ ገላው ያውቀዋል። ጉሮሮ መምታትን በአየር ላይ ሺህ ጊዜ የደገመ ሰው ይህን አያውቅም። እኔ ልጆቼን የምፈትናቸው እንዲህ ነው። «ዓይን እወጋለሁ» ለሚል ልጅ ለስላሳ ጓንት አጠልቅለትና «ና፣ ግንባሬን ንካ» እለዋለሁ። እኔ አልመታውም፤ እንቀሳቀሳለሁ፣ እጄንም አነሣለሁ። ብዙዎቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንዴ እንኳ አይነኩኝም። በጓንት ግንባር ያልነካ ሰው በጣቱ ዓይን እንዴት ያገኛል? ዓይን እኮ ከግንባር በጣም ታንሳለች።

ሰፈር ውስጥ ስንጣላ ያደግን ሰዎች ሌላም እናውቃለን። ቀድሞ የሚመጣው ቴስታ ነው። ወይ ከጎን የሚሰነዘር ጥፊ ነው፣ ወይ ጠረባ ነው። ኮሌታህን ይዞ ግንባሩን ወደ አፍንጫህ የሚወረውርን ሰው ለማቆም ምስጢራዊ ነጥብ አያስፈልግህም። አንገቱ ሥር ክርንህን አስገብተህ ርቀት መያዝ ያስፈልግሃል። ይህ ደግሞ ኮሌታህን የምር የሚይዝህ ጓደኛ ካለህ በሁለት ሳምንት የሚለመድ ነገር ነው። ጩቤ ወይም ሴንጢ ከወጣ ግን ከሁሉም የሚሻለው እግሬ አውጪኝ ነው። ለልጆች ይህን ስነግራቸው አላፍርም።

አሁን ጽሑፉን ሳነብ ወደ አስደነገጠኝ ነጥብ ደረስኩ። «ደም ያልታየበት ስፓሪንግ ጨዋታ ነው።»

ከዓመታት በፊት ስሰለጥንበት በነበረ አንድ ቤት አርብ አርብ በሙሉ ኃይል ስፓሪንግ እንሠራ ነበር። አንድ የ19 ዓመት ጓደኛችን ጆሮው አካባቢ ኪክ አረፈበት። ወደቀ። ተነሣ። «ደህና ነኝ» አለ። አሰልጣኙ «ወንድ ነህ፣ ቀጥል» አሉት። ቀጠለ። ዙሩ ሲያልቅ የውሃ ጠርሙስ ሰጠሁት። ጠርሙሱን ይዞ ክዳኑን ዝም ብሎ ያየዋል። መክፈቱ ጠፍቶበታል። «ስንተኛ ዙር ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ወዲያው ደግሞ ጠየቀኝ። እኛ ሳቅን። ምን እንደሆነ አላወቅንም ነበር።

ሰኞ ተመልሶ መጣ። እንደገና ራሱን ተመታ። ማታ ሲያስታውከው አደረ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ፀሐይ ላይ መቆም አልቻለም። ደብተር ሲከፍት ፊደሎቹ ይደራረቡበት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። ወደ ስልጠና ግን አልተመለሰም። እኔ ያን ሳቃችንን አልረሳውም።

አንጎል የራስ ቅል ውስጥ ሲናወጥ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ደም የለም፣ እብጠት የለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር፣ ብርሃን መጥላት ይከተላል። ከዚያ ሳያገግም ሁለተኛ ጊዜ መመታት እጅግ አደገኛ ነው። የጭንቅላት መከላከያ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል እንጂ አንጎል እንዳይናወጥ ዋስትና አይሆንም። ዓለም አቀፉ የአማተር ቦክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ለአዋቂ ወንዶች መከላከያውን አስቀርቶታል፤ በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክም ወንዶቹ ያለ እሱ ነው የተጋጠሙት። ስለዚህ «መከላከያ አድርገናል፣ እንጋጭ» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም።

ጠንካራ የሚባሉት ሰዎች እንዴት ይሠራሉ? የታይላንድ ሙአይ ታይ ተፋላሚዎችን ተመልከቱ። ገና በልጅነታቸው ሪንግ ይገባሉ። በጉልበትና በክርን ይማታሉ። ካምፕ ውስጥ ስፓሪንግ ሲሠሩ ግን ብዙዎቹ በቀስታ ነው፣ እየተሳሳቁም ጭምር። ኃይላቸውን አሰልጣኙ በያዘው ፓድና በከረጢቱ ላይ ይጨርሱታል። እርስ በርስ ሲሠሩ የሚፈልጉት ጊዜንና ርቀትን ነው። የሚፎካከር፣ የሚያታልል፣ የሚሸሽ ሰው ካለ ልምምዱ እውነተኛ ነው። የግድ መጎዳት የለበትም።

እኛ ጋ ሕጉ እንዲህ ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ራስ አይመታም። ለትልልቆቹ ራስ ላይ የሚሰነዘር ሁሉ መንካት እንጂ መምታት አይደለም። ሰውነት ላይ ትንሽ ይጠነክራል። ራሱን ተመትቶ የደነዘዘ ሰው ያን ቀን አይመለስም። «ደህና ነኝ» ቢልም አይመለስም። ሐኪም ሳያየው ስፓሪንግ የለም። በዚህ ምክንያት ሁለት ልጆች «እዚህ ቤት ይለሰልሳል» ብለው ትተውን ሄደዋል። ይሂዱ።

ስለ ፓተርን ብዙ አልልም፤ ግማሹ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። እኛ ፑምሴ እንለዋለን፤ የካራቴ ሰዎች ካታ ይሉታል። እስከ ጥቁር ቀበቶ ስምንት የቴጉክ ፑምሴዎች አሉ። ሚዛን፣ አተነፋፈስ፣ ወገብ ማዞር ያስተምራሉ። ቦታ አይፈልጉም፣ ጓደኛ አይፈልጉም፣ 60 ዓመት የሞላው ሰውም ይሠራቸዋል። ርቀትንና ጊዜን ግን አያስተምሩም። ጥፋቱ ያለው ፑምሴው ላይ አይደለም፤ አንድ ሰዓት ተኩሉን ሙሉ ፑምሴና የአየር ኪክ አሠርቶ፣ ስፓሪንግን የቀበቶ ፈተና ሰሞን ብቻ የሚያመጣ አሰልጣኝ ላይ ነው።

መሐል መንገድ አለ። ከፑምሴው አንድ እንቅስቃሴ አውጡ። ለምሳሌ ዝቅ ያለ መከላከል። መጀመሪያ ጓደኛህ በቀስታ ይርገጥህ፣ አንተ መልስ። ቀጥሎ መቼ እንደሚረግጥ አይንገርህ። ቀጥሎ በየትኛው እግር እንደሚመጣ አይንገርህ፤ ከረገጠም በኋላ አይቁም፣ ይግፋህ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ያ መከላከል መጽሐፉ ላይ ያለውን አይመስልም። እጅህ ያጥራል፣ እግርህ ቀድሞ ይሸሻል። ያኔ ነው ያንተ የሚሆነው። ፑምሴውም ትርጉሙ የሚገለጥልህ ያኔ ነው።

ሴቶችን በተመለከተ የተጻፈው ግን በጎ ሐሳብ ቢሆንም ሰው ያስጎዳል። በኦሎምፒክ ጁዶ ለወንዶች ሰባት፣ ለሴቶችም ሰባት የክብደት ምድብ አለ። ዕድሜ ልካቸውን የሰለጠኑ ሰዎች እንኳ ክብደት ስለሚከብዳቸው ነው። ታዲያ 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በሦስት ወር 80 ኪሎ ትጥላለች ብሎ መንገር አደራ መብላት ነው። በሦስት ወር የሚቻል ነገር አለ፤ እሱን በደንብ ማስተማር ይሻላል።

አንዷ ሰልጣኛችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው። ስትመጣ የጠየቀችን አንድ ነገር ነበር። «ማታ ከሥራ ስወጣ እጄን ቢይዘኝስ?» አለች። እጅ ማስለቀቂያውን ሁሉም ያሳያል። ወደ አውራ ጣቱ በኩል ጠምዝዘህ ታወጣለህ። አሳየኋት፣ ሠራችው። ከዚያ 75 ኪሎ የሚመዝነውን ልጃችንን ጠርቼ «የምር ያዛት፣ ጎትታት» አልኩት። አልወጣላትም። ስትጠመዝዝ እሱም አብሮ ይዞራል። ጎተታት፣ ሄደች። ፊቷ ተለወጠ። «ይኼ ነገር አይሠራም» አለች። ልክ ነበረች፤ በዚያ መልኩ አይሠራም።

በየሳምንቱ ሁለቴ ያንኑ ደገምን። ቀስ በቀስ ገባት። ሲጎትታት ወደ ኋላ ከመጎተት ይልቅ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ትገባለች። ክርኗን ታጥፋለች። በሌላው እጇ የራሷን ጡጫ ትይዛለች። ትጮሃለች፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ትስበዋለች። ጩኸቱ ከሁሉ ከብዷት ነበር። በአምስተኛው ሳምንት እጇ ወጣ። ጫማ አስቀምጠንበት እስከነበረው ምልክት፣ 15 ሜትር ያህል፣ ሮጠች። ልጁ ሊይዛት ተከትሏት አልደረሰባትም። አልጣለችውም። ልትጥለውም አይገባትም። አሁንም ከአምስት ጊዜ ሁለቴ አይወጣላትም፤ እሷም ታውቀዋለች። ስለዚህ ማታ ከጓደኞቿ ጋር ነው ባጃጅ የምትይዘው።

የቀረው የዕቃ ጉዳይ ነው። እውነት ነው፣ ዕቃ ውድ ነው። ግን ከላይ ከነገርኳችሁ ልምምድ ውስጥ ዕቃ የጠየቀው የትኛው ነው? ጆንያ ውስጥ የተቆራረጠ ጨርቅና ትንሽ አሸዋ ሞልተን እንመታለን። የመኪና ጎማ አለን። አራት ጥንድ ጓንት በየተራ እናጠልቃለን። የጥርስ መከላከያ ብቻ እያንዳንዱ የራሱን እንዲይዝ እናስገድዳለን። ለሩጫ ታቦር ተራራ አለ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሐይቁ ዳር ሣር ላይ መውደቅን እንለማመዳለን። አገጭ ወደ ደረት፣ እጅ ሣሩን መምታት፣ መንከባለል። ጀማሪዎች መጀመሪያ ላይ ሰው ያየናል ብለው ይሳቀቃሉ። ብስክሌት በሞላበት ከተማ ከዚህ የሚጠቅም ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

ለ17 ዓመቱ ልጅ የመለስኩለት ይህንን ነው። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩለት። የትኛውም አዳራሽ ሂድ፤ ቴኳንዶ ይሁን ውሹ፣ ካራቴ ይሁን ቦክስ። ሳትመዘገብ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ እይ። ስልክህ ላይ ሰዓት ክፈት። ሰልጣኞቹ እምቢ ከሚል ሰው ጋር የሚሠሩትን ደቂቃ ብቻ ቁጠር። የእኛንም ቁጠር አልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ቆጥሮ አመጣልኝ። ከ90 ደቂቃ 38። እኔ 50 ይሆናል ብዬ ነበር። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የማሟሟቂያውን ሩጫ እቤታቸው ጨርሰው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።